ለአሥርተ ዓመታት ያልበራ ሬዲዮ ሶኬት ውስጥ ከመሰካቱ በፊት

ጠያቂያችን የላኩት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ባለ 6 ቮልት አሮጌ መኪና እያደሱ ሳለ፣ የእንጨት ሳጥን ያለውና ፊቱ ላይ ጣቢያ ሲገኝ የሚጠብ አረንጓዴ ዓይን ያለው የጠረጴዛ ሬዲዮ እጃቸው ገባ። ሬዲዮው ከበራ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ለሙከራ ሶኬት ውስጥ ቢሰኩት ጉዳት እንዳለው፣ ቲዩቦቹ (ድምፁን የሚያጎሉት አምፖል መሰል የመስታወት ክፍሎች) ሁሉ መለወጥ እንዳለባቸው፣ ከመኪናው የተረፈውን ስቱኮና ቀለም ለሳጥኑ መጠቀም እንደሚቻል፣ በመጨረሻም በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ድምፅ አልባ ሬዲዮ በዚያው ሙያ ማዳን ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፤ እባክዎ አይሰኩት። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ ልየው» የሚለው ጉጉት ለብዙ ዓመታት ሳይነካ የቆየን ሬዲዮ በዚያችው ደቂቃ ሊያቃጥለው ይችላል። እርስዎ ለዓመታት የቆመ ሞተር ሲያገኙ ባትሪ አስረው ወዲያው ቁልፍ አያዞሩም፤ ዘይቱን ያያሉ፣ ካንዴላውን ፈትተው ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ያፈሳሉ፣ ከዚያም ሞተሩን በእጅ ያዞሩታል። ሬዲዮም የሚፈልገው ይህንኑ ትዕግሥት ነው። ልዩነቱ የተጣበቀ ሞተር በእጅ ሲዞር ይታወቃል፤ በሬዲዮ ውስጥ ያረጀው አካል ግን ላይ ላዩን ሲታይ ፍጹም ጤነኛ ሊመስል መቻሉ ነው።

የችግሩ ዋና ምንጭ ካፓሲተር የሚባለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ አካል ነው። ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ሬዲዮዎች ውስጥ የሚያሳስቡን ሁለት ዓይነት ካፓሲተሮች አሉ። የመጀመሪያው ተለዋዋጩን ከረንት ወደ ቀጥተኛ ከሚለውጠው ሬክቲፋየር የሚወጣውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያለሰልሰው ኤሌክትሮላይቲክ ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ በአሉሚኒየሙ ላይ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋንም ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በቆየ ቁጥር እየተዳከመ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ካፓሲተር ሙሉ ቮልቴጅ በድንገት ሲደርሰው እንደ ባዶ ሽቦ ያስተላልፋል፤ የሚፈሰውም ከረንት መጀመሪያ ሬክቲፋየር ቲዩቡን፣ ቀጥሎም ዋናውን ትራንስፎርመር ይዞ ይሄዳል። ቲዩብ ይተካል፤ የተቃጠለ ዋና ትራንስፎርመር ግን ለዚያው ሬዲዮ የሚስማማ መተኪያ ማግኘት ወይም እንደገና ማስጠቅለል ይጠይቃል። ሁለተኛው ዓይነት ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች በወረቀት ተለይተው፣ ተጠቅልለውና በሰም ወይም ሬንጅ በመሰለ ነገር ታሽገው የተሠሩበት የወረቀት ካፓሲተር ነው። ወረቀቱ እርጥበት እየሳበ፣ ውስጡም እየተበላሸ ስለሚሄድ ማገድ የነበረበትን ቮልቴጅ ማሳለፍ ይጀምራል።

ከወረቀት ካፓሲተሮቹ አንዱን ለይቼ ላሳይዎ፤ የሬዲዮው ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በእርሱ ነውና። ይህ ካፓሲተር ድምፁን መጀመሪያ በሚያጎላው ቲዩብና ስፒከሩን በሚነዳው የመጨረሻ ቲዩብ መካከል ይገኛል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ 0.01 ወይም 0.02 ማይክሮፋራድ ሲሆን፣ ሥራውም ድምፁን አሳልፎ ቀጥተኛውን ቮልቴጅ ማገድ ነው። በ1950ዎቹ የአውሮፓ ሬዲዮዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ኢኤል 84 የተባለውን ቲዩብ እንውሰድ። በ250 ቮልት ሲሠራ ግሪዱ (ከረንቱን የሚቆጣጠረው ጫፍ) ከካቶዱ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው ጫፍ) 7 ቮልት ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ በቲዩቡ የሚያልፈውን ከረንት የሚገታው ይህ ልዩነት ነው። አሁን ካፓሲተሩ በአንድ ወገኑ 100 ቮልት አለው እንበል፤ አርጅቶም 10 ሜጋ ኦም ብቻ የሚያግድ ሆኗል፤ ግሪዱን ከሻንሲው (ክፍሎቹ ከታሰሩበት ብረት) ጋር የሚያገናኘው ሬዚስተር ደግሞ 1 ሜጋ ኦም ነው። በዚህ ስሌት ግሪዱ ላይ 9 ቮልት ገደማ ይመጣል፤ ከሻንሲው አንጻር ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ ነው። ቲዩቡ ከተፈቀደለት በላይ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው ትራንስፎርመር ውስጥ ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦም ሊበጠስ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሬዲዮው መናገሩን አያቆምም፤ ድምፁ ትንሽ ይሻክር ይሆናል እንጂ ጉዳት ላይ መሆኑን አያሳውቅም። ካፓሲተሩን ነቅለው በተራ ቴስተር ቢለኩትም፣ ቴስተሩ በጥቂት ቮልት ብቻ ስለሚለካ ደህና ነው ሊልዎ ይችላል፤ ድክመቱ የሚገለጠው በመቶ በሚቆጠር ቮልቴጅ ሥር ነው። ስለዚህ የወረቀት ካፓሲተሮችን እየመረመሩ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ልፋት ብቻ ነው፤ ሁሉንም በ630 ቮልት የፊልም ካፓሲተር ይተኳቸው።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ሕይወትዎን የሚመለከት ነገር አለ። እርስዎ የለመዱት ባለ 6 ቮልት መኪና ነው፤ ገመዱ ቢነካካ ብልጭታ ይሰጣል፣ ሽቦ ያቃጥላል፣ እጅን ግን አይመታም። በቲዩብ ሬዲዮ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ቮልቴጅ አለ፤ ኤሌክትሮላይቲኮቹም ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ጭምር ይህን ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሻንሲውን በከፈቱ ቁጥር መጀመሪያ ካፓሲተሮቹን በ10 ኪሎ ኦም ገደማ በሆነና ጥቂት ዋት በሚችል ሬዚስተር ያራግፉ፤ በካቻቪቴ ማገናኘት መጥፎ ልማድ ነው። ከዚያም ዜሮ መሆኑን በቴስተር ያረጋግጡ። በበራ ሬዲዮ ላይ መለካት ግድ ሲሆን አንድ እጅዎን ከሥራው ያርቁ፤ በደረት በኩል የሚያልፍ ከረንት ከሁሉ የከፋ ነውና።

ቀጥሎ ሬዲዮው ዋና ትራንስፎርመር ያለው መሆን አለመሆኑን ይወቁ። በአውሮፓ ቲዩቦች ላይ የመጀመሪያው ፊደል ይነግርዎታል፤ ኢ (E) ከሆነ ፊላመንቱ፣ ማለትም ቲዩቡን የሚያሞቀው ሽቦ፣ በ6.3 ቮልት የሚሠራ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ትራንስፎርመር አለ። ዩ (U) ከሆነ ደግሞ ፊላመንቶቹ በ100 ሚሊ አምፔር በተከታታይ ተያይዘው ከሶኬቱ በቀጥታ የሚመገቡ ናቸው። በአሜሪካ በብዛት የተሠሩት ባለ አምስት ቲዩብ ትንንሽ ሬዲዮዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ የአምስቱ ፊላመንት ቮልቴጅ ሲደመር 120 ገደማ ስለሚሆን ያለ ትራንስፎርመር ይሠራሉ፤ 220 ቮልት ላይ ከተሰኩ ግን ወዲያው ይቃጠላሉ። በሁለቱም ዘንድ ከሶኬቱ ሁለት ሽቦዎች አንዱ ከብረት ሻንሲው ጋር የተገናኘ በመሆኑ፣ ሶኬቱ በአንድ አቅጣጫ ሲሰካ ሻንሲው ራሱ ገዳይ ይሆናል። የማዞሪያዎቹ ማሰሪያ ብሎን ጉድጓድ በሰም ተደፍኖ ካገኙ ምክንያቱ ይህ ነው፤ የሰው ጣት ብረቱን እንዳይነካ የተደረገ ነውና ሲጨርሱ መልሰው ይድፈኑት። እንዲህ ያለውን ሬዲዮ የሚሠሩት ሁለት የተለያዩ ጥቅሎች ባሉት መለያ ትራንስፎርመር ብቻ ነው። በአንድ ጥቅል የሚሠራው ቮልቴጅ ቀናሽ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ሬዲዮውን ከመስመሩ አይለይም፤ ይህ ልዩነት ብዙዎችን ያሳስታል።

የእርስዎ ሬዲዮ አረንጓዴ ዓይንና ትልቅ የእንጨት ሳጥን ያለው በመሆኑ ትራንስፎርመር ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም ይህን በግምት አይለፉት። ካለው ከኋላው 110፣ 125፣ 220 እና 240 የሚል የቮልቴጅ መምረጫ ያገኛሉ። የዛሬው መስመር ብዙ ቦታ ከ220 ከፍ ስለሚል፣ 240 የሚለው ካለ እርሱን ይምረጡ፤ ትራንስፎርመሩም ቲዩቦቹም ቀዝቀዝ ብለው ይሠራሉ።

ሻንሲውን ከሳጥኑ ሲያወጡ ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ፤ የጣቢያ መርፌውን የሚጎትተው ክር በየትኞቹ መዘውሮች እንደሚዞር በተለይ በቅርበት ያንሱት፤ ክሩ አንድ ጊዜ ከወጣ አካሄዱን በግምት መመለስ ከባድ ነው። የሬዲዮውን የሰርኪዩት ስዕል በሞዴል ቁጥሩ ፈልገው ያትሙ፤ ለብዙዎቹ የታወቁ ሬዲዮዎች ስዕሉ ይገኛል። ከዚያ ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ይለውጡ፤ አንዱን ነቅለው አንዱን ይበይዱ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይንቀሉ። አዲሱን ኤሌክትሮላይቲክ ሲያስገቡ አሮጌውን ከሰርኪዩቱ ያላቁት፤ በላዩ ላይ ደርቦ መበየድ የሚያፈሰውን እዚያው ትቶ መሄድ ነው። መልኩ እንዳይለወጥ ከፈለጉ አሮጌው የአሉሚኒየም ቆርቆሮ በቦታው ይቁም፣ አዲሱ ከሻንሲው ሥር ይደበቅ። የመደመሪያና የመቀነሻ ጫፉን ሁለት ጊዜ ይመልከቱ። ሬክቲፋየሩ ቲዩብ ከሆነ የመጀመሪያውን ካፓሲተር «ይብዛለት» ብለው አያሳድጉት፤ በስዕሉ ላይ 50 ማይክሮፋራድ ካለ 47 ጥሩ ነው፣ 220 ማስገባት ግን በተነሳ ቁጥር ቲዩቡን ያስጨንቀዋል። ከመስመሩ ገመድ ጋር የተያያዙት ካፓሲተሮች ተራ ፊልም መሆን የለባቸውም፤ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ኤክስ 2፣ ከሽቦ ወደ ሻንሲ የሚሄደው ዋይ 2 የሚል ምልክት ያለው ይሁን። ሬዚስተሮችንም ይለኩ፤ የድሮዎቹ የካርቦን ሬዚስተሮች ከዕድሜ ጋር እሴታቸው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከተጻፈው ከ20 በመቶ በላይ የራቀውን ይለውጡ። የገመዶቹ ላስቲክ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ፣ በመኪናዎ የሽቦ ጥቅል ላይ ያዩት ያው እርጅና ነውና በዚያው መንገድ ይተኩት።

የመጀመሪያው ማብራት የሚደረገው በተከታታይ በታሰረ አምፖል ነው። ከ40 እስከ 60 ዋት የሆነ የድሮውን ባለ ፊላመንት አምፖል ከአንዱ የመስመር ሽቦ ጋር በተከታታይ ያስሩ፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ሲያበሩ አምፖሉ ለጥቂት ሰከንድ ደምቆ ደብዘዝ ካለ መልካም ነው፤ ደምቆ ከቀረ ግን አንድ ቦታ አጭር ግንኙነት አለና ወዲያው ያጥፉ። በደህና ካለፈ የከፍተኛውን ቮልቴጅ መጠንና የመጨረሻውን ቲዩብ ግሪድ ይለኩ፤ በኢኤል 84 ላይ ግሪዱ ሁለተኛው እግር ነው፣ ከሻንሲው አንጻርም ዜሮ ገደማ ማሳየት አለበት። ከዚያ በኋላ ያለ አምፖሉ ያብሩትና ግማሽ ሰዓት ከአጠገቡ አይለዩ። ዋናው ትራንስፎርመር መሞቁ ያለ ነው፤ ከሚገባው በላይ ሙቀት፣ የሚቃጠል ቫርኒሽ ሽታ ወይም የሚቀላ አኖድ (በቲዩቡ ውስጥ ያለው የብረት ሳህን) ካዩ ግን ያጥፉ። በአንዳንድ የ1950ዎቹ ሬዲዮዎች ውስጥ በቲዩብ ፋንታ ክንፍ ክንፍ ያለው ሴሌኒየም ሬክቲፋየር አለ፤ እርሱ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ እጅግ የሚከረፋና መርዘኛ ነውና መስኮት ከፍተው ከክፍሉ ይውጡ።

ስለ ቲዩቦቹ የጠየቁት በአጭሩ ይመለሳል። ሁሉንም አይለውጡ፤ ምናልባትም አንዱንም መለወጥ አያስፈልግዎትም። ቲዩብ ከካፓሲተር ይልቅ እጅግ ረጅም ዕድሜ አለው፤ በብዙ ሬዲዮዎች ውስጥ የፋብሪካዎቹ ቲዩቦች አሁንም ይሠራሉ። እግሮቻቸውንና መሰኪያዎቻቸውን በኮንታክት ማጽጃ ያጽዱ፤ መስታወቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን አይሹት፣ በቀላሉ ይለቃልና። ቶሎ የሚደክመው አረንጓዴው ዓይን ነው፤ ደብዝዞም ቢሆን ሬዲዮው ያለ እርሱ ድምፅ ያሰማል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ በብረት ቆርቆሮ የተሸፈኑት የመካከለኛ ድግግሞሽ (IF) ትራንስፎርመሮች አናት ላይ ያሉትን የፌራይት ብሎኖች አይንኩ። ልል ብሎን ይመስላሉ፤ የመኪና ሰው ሲያያቸው እጁ ለማጥበቅ ይቸኩላል። እነርሱ ግን በፋብሪካ በመለኪያ መሣሪያ 455 ወይም 460 በመሳሰለ የኪሎ ኸርዝ ቁጥር ላይ የተስተካከሉ ናቸው፤ ያለ ሲግናል ጄኔሬተር ከተዞሩ ጣቢያው ሁሉ ይጠፋል።

ሳጥኑን በተመለከተ ከእርስዎ ሙያ ብዙ የሚጠቅም ነገር አለ፣ የሚጎዳም አለ። በመኪና ላይ ዝገት ተፍቆ፣ ስቱኮ ተሞልቶ፣ በአዲስ ቀለም መሸፈን የተለመደ ነው። የሬዲዮ ሳጥን ግን የሚያምረው ከኮምፔንሳቶ ላይ በተለጠፈው ከ1 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የእንጨት ልባስ ነው፤ በማሽን የሚዞር ብርጭቆ ወረቀት በጥቂት ሰከንድ በልቶት ያልፋል፣ ካለፈ በኋላም መመለሻ የለውም። የመኪና ስቱኮ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ዳር ዳሩ ይሰነጠቃል፤ ወፍራሙ ባለ ሁለት ውህድ የመኪና ክሊርም ሳጥኑን ፕላስቲክ ያስመስለዋል። ስለዚህ የተረፈውን ለመኪናው ያቆዩት።

መጀመሪያ ያለው ሽፋን ምን እንደሆነ ይወቁ። በማይታይ ጥግ ላይ በአልኮል የራሰ ጥጥ ያስነኩ፤ የሚለሰልስ ከሆነ ሼላክ ነው። አልኮሉ ሳይነካው በቀለም ቲነር የሚለሰልስ ከሆነ ናይትሮሴሉሎስ ነው፣ እርሱም በመኪና ቀለም ሥራ የሚያውቁት ነው። ሁለቱም ካላለሰለሱት ጠንካራው ፖሊስተር ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ከማጽዳትና ከማወልወል በላይ አይንኩት። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ የሚፈልገው በጥቂቱ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት፣ የተላቀቀውን ልባስ በእንጨት ኮላ መለጠፍና ማወልወል ብቻ ነው። የማወልወያ ክሬም ሲመርጡ ሲሊኮን የሌለበት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሲሊኮን ባለበት ቦታ ላይ የሚረጭ ቀለም ዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ እየሠራ እንደሚሸሽ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የፋብሪካው ሽፋን ጥቂት ጭረት ቢኖረውም ከአዲስ ሽፋን ይልቅ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ የዚያ ዘመን የእጅ ሥራ ምስክር አብሮ ይጠፋል።

የጣቢያዎች ስም የተጻፈበትን መስታወት በልዩ ጥንቃቄ ይያዙ። ጽሑፉ ያለው በኋለኛው ፊት ላይ ነው፤ ቀለሙም ከዓመታት ብዛት ከመስታወቱ ጋር ያለው ቁርኝት ላልቷል። በውኃ የራሰ ጨርቅ ብቻ ከተማዎቹን ሁሉ ጠርጎ ሊወስዳቸው ይችላል። የፊት ለፊቱን ብቻ ያጽዱ፤ የኋላውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ እንጂ አይጥረጉት።

የመኪናው ሬዲዮ አሠራሩ ከቤቱ ሬዲዮ ጋር ዘመድ ነው። ጋልቪን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1930 ሞቶሮላ የሚለውን ስም የያዘ የመኪና ሬዲዮ ሲያወጣ፣ ብላውፑንክት ደግሞ በ1932 በአውሮፓ ሲከተል፣ ዋናው ፈተና ቲዩቦች የሚፈልጉትን 200 ቮልት ገደማ ከ6 ቮልት ባትሪ ማግኘት ነበር። በኋላ የተለመደው መፍትሔ ቫይብሬተር ነው፤ በቆርቆሮ ውስጥ ያለ የብረት ምላስ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል እየተንቀጠቀጠ ቀጥተኛውን ከረንት ይቆራርጠዋል፣ ትራንስፎርመሩም ያሳድገዋል። ሬዲዮው ሲበራ የሚሰማው ዝቅተኛ ጉርምርምታ የእርሱ ነው። ጉርምርምታው ከሌለ የቫይብሬተሩ ኮንታክቶች በኦክሳይድ ተሸፍነው ይሆናል፤ ቆርቆሮውን ከፍተው እንደ ዲስትሪቢዩተር ኮንታክት በጥንቃቄ ማጽዳት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ከትራንስፎርመሩ ከፍተኛ ጥቅል ጋር ያለውን ባለ 1,600 ቮልት ትንሽ ካፓሲተር ልክ በተጻፈው መጠን ይለውጡ። ያ ካፓሲተር ከደከመ ኮንታክቶቹ ይቃጠላሉ፤ አጭር ግንኙነት ከሠራ ትራንስፎርመሩ ይሄዳል፤ መጠኑን በግምት መለወጥም ቫይብሬተሩን ቶሎ ይበላዋል።

የመኪናዎ ሻንሲ የተያያዘው ከባትሪው ፖዘቲቭ ነው ወይስ ከኔጋቲቩ የሚለውን ያረጋግጡ። ሬክቲፋየር ቲዩብ ያለው የቫይብሬተር ሬዲዮ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ይሠራል፤ ቫይብሬተሩ ራሱ ከረንቱን ወደ ቀጥተኛ የሚመልስበት ዓይነትና ትራንዚስተር ያለበት ሬዲዮ ግን ከተገለበጠ ይበላሻል። ጠረጴዛ ላይ ሲሞክሩት በባትሪ ቻርጀር አያብሩት፤ ቻርጀር የሚሰጠው ያልለሰለሰ ቮልቴጅ ነው፣ ከ6 ቮልትም አልፎ ሊሄድ ይችላል። ጥሩ ባለ 6 ቮልት ባትሪ በፊውዝ በኩል ያገናኙ፤ ሬዲዮው 5 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊስብ ስለሚችል ገመዱ ወፈር ያለ ይሁን።

መኪናው ላይ ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ሲነሳ የሚመጣው ጩኸት ከሬዲዮው አይደለም። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ጠቅታ ከካንዴላ ገመዶች ነው፤ ሬዚስተር ያለው ገመድ ወይም ኮፍያ ይቀንሰዋል። እንደ ፉጨት የሚሰማው ከዲናሞው ነው፤ በዲናሞው ዋና መውጫ ላይ የ0.5 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይታሰራል። ወደ ፊልድ (የዲናሞው ማግኔት ጥቅል) በሚሄደው ጫፍ ላይ ግን ፈጽሞ አይሰሩት፤ የሬጉሌተሩን ኮንታክቶች ያቃጥላል።

ከሁለቱ የቱን ላስቀድም ብለው ቢጠይቁኝ የቤቱን ሬዲዮ እላለሁ። ሰፊ ነው፣ እጅ ያስገባል፣ ስዕሉም ለማንበብ ቀላል ነው። የመኪናው ሬዲዮ ያንኑ ሰርኪዩት በጠባብ የብረት ሳጥን ውስጥ አጨናንቆ የያዘ በመሆኑ፣ የቤቱን ጨርሰው ሲከፍቱት እያንዳንዱን አካል ያውቁታል። የሁለቱንም የሞዴል ቁጥርና በቲዩቦቹ ላይ የተጻፉትን ፊደላት ቢልኩልኝ፣ ካፓሲተር ከመግዛትዎ በፊት ዝርዝሩን አብረን እናየዋለን።